የወይዘሮ ኦፓል ሁለት መኪኖች

ማኑዋሉ ነው እንጂ፣ ይሄ ምን ጥያቄ አለው፣ ግራጫው፣ በሩ ሲዘጋ ድምፁ ራሱ ያምራል፣ ዌንደል እጁን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ ቆሟል፣ የቆርቆሮው ብርድ በጓንቱ ዘልቆ ይሰማዋል፣ ቀዩ ደግሞ እዚያው አጠገቡ፣ ያው ሞተር፣ ያው ሁለት በር፣ በሰማንያዎቹ መጨረሻ ካንድ ፋብሪካ የወጡ፣ ልዩነታቸው ካምቢዮው ብቻ፣ ቀዩ አውቶማቲክ ነው። የሚገዛው አንዱን ነው። ለሁለት የሚሆን ጋራዥ የለውም፣ ቢኖረውስ ቬልማ ምን ትለዋለች፣ ሁለተኛውን ካመጣህ እዚያው ውስጡ ታድራለህ ትለዋለች፣ ሚስቱ ስትል ደግሞ ታደርገዋለች።

ባሌ ሁለት ገዝቶ አንዱንም በወጉ ሳይነዳ ሞተ፣ ይላሉ ወይዘሮ ኦፓል ከመጋዘኑ በር ላይ፣ አይጥ ነው የወረሳቸው፣ ሁለቱንም ብትወስዱልኝ የሱም ነፍስ ታርፍ ነበር የኔም። ሞተራቸው ወርዶ ያውቃል? ይላል የዌንደል ታላቅ ወንድም ሮይስ፣ ቃላቱ ከስትሮኩ ወዲህ እየተጎተቱ ነው የሚወጡት፣ ግራ እጁ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ናት፣ ሁልጊዜ እዚያ ናት፣ ቁልፍ የሚፈልግ ይመስላል። እኔ ምን አውቅልህ ልጄ፣ እኔ የማውቀው የበቆሎ ማጨጃ ነው፣ ይላሉ።

ፈጣን መኪና መምረጥማ የጀማሪ ሥራ ነው። በነሱ ውድድር፣ ሁለት ሁለት ሆኖ በአጭር ቀጥ ያለ መንገድ በሚፈተለክበት፣ መኪናው ፋብሪካው እንዳወጣው መሆን አለበት፣ ማኅበሩ የየሞተሩን ጉልበት ይገምትና ክፍሉን ይመድባል፣ ስለዚህ ብልህ ሰው የሚያድነው ደካማ ነው ተብሎ የተገመተ ጎበዝ ነው፣ ይቺን ያስተማረው ታላቁ ሮይስ ነው፣ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ልክ እንደዚያ ናቸው፣ በዚያ ላይ በፊት ጎማ የሚጎተቱ፣ በኋላ ጎማ የሚገፋ የለመደው የሜዳው ሰው ሁሉ የሚንቃቸው፣ ምነው ዌንደል የልብስ ስፌት ማሽን ይዘህ መጣህ፣ ሱሪ ልታሳጥርልን ነው? ይሉታል፣ ይበሉ፣ ስለሚናቁ የሚወዳደሩባቸው ጥቂት ናቸው፣ ጥቂት ከሆኑ ዋንጫው ቅርብ ነው። ይሳቁ።

ዋንጫ። የሮይስ ሳሎን በዋንጫ ተጨናንቋል፣ ዌንደል ሳሎን ያሉት የቬልማ አበቦች ናቸው። ሮይስ ነጂ፣ ዌንደል መካኒክ፣ ዕድሜ ልካቸውን፣ ማንም ቁጭ ብሎ አልወሰነውም፣ ብቻ አንዴ እንዲያ ሆነ ከዚያ እንዲያ ቀረ። ያችን የሚወዳደሩባትን ካማሮ ብሎን በብሎን የሚያውቃት እሱ፣ ግን መሪዋን የያዘው ከተጎታች ላይ ሊያወርዳት ብቻ ነው። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ፣ ውሸት ነው፣ በደንብ አድርጎ ይናፍቃል። ከዚያ ያ ክረምት፣ ሆስፒታሉ፣ ካማሮዋን የገዛት ሰውዬ ሊወስዳት ሲመጣ ሮይስ ከቤት አልወጣም፣ መጋረጃውንም አልገለጠም፣ ማታ ስልክ ደወለና እንግዲህ ያንተ ተራ ነው አለ። ያንተ ተራ ነው። ይህን ሲል ፊቱ ምን እንደሚመስል ዌንደል አላየም፣ አለማየቱም ጥሩ ሆነ።

ግን አውቶማቲክ፣ ፍሪሲዮን የለው፣ ግራ እግር አይፈልግ፣ ሐኪሙም እንዲነዳ ፈቅዶለታል፣ ገበያ ደርሶ ይመለሳል፣ እጁስ? እጁማ፣ ካማሮዋን በአንድ እጁ አይደል የነዳት፣ ቀኙ ማርሽ ላይ፣ ግራው መሪ ላይ፣ ስትነሳ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ቀጥ ብላ ነው የምትሄድ፣ ለመሪው አንድ እጅ ይበቃል፣ ግራውን ትተህ በቀኙ በለው፣ ማርሹ እንደሆን ራሱ ይቀይራል። ቀዩን ከገዛ ሮይስ ይነዳል። ሮይስ ከነዳ ዌንደል ተመልሶ ኮፈን ስር። ይሄው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም፣ ጉልበቱ ከዚህ በኋላ ስንት ዓመት ይታዘዝለታል፣ ለአንዴ፣ ለአንድ በጋ ብቻ እኔ ብነዳስ ምን ይለኛል፣ ምንም አይልህም፣ እሱ ነው ችግሩ፣ ሮይስ ምንም አይልም፣ ሜዳ ዳር ተጣጣፊ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይቀዘቅዛል እንጂ። 

ቀዩ፣ ይላል ዌንደል።

ቀዩ ምኑ? ይላል ሮይስ።

ቀዩን እወስዳለሁ።

አውቶማቲኩን? ለምን? ጉልበቴን ያመኛል፣ ፍሪሲዮን መርገጥ ይከብደኛል። የትኛውን ጉልበትህን? ቀኙን። ሮይስ ዞሮ ያየዋል፣ ፍሪሲዮን በቀኝ እግር መርገጥ መቼ ጀመርክ፣ ይላል፣ ወይዘሮ ኦፓል በጉሮሯቸው ይስቃሉ፣ ዌንደል ጆሮው ሲግል ይሰማዋል፣ ሞኝ፣ ዕድሜህን ሙሉ መካኒክ ሆነህ የውሸት ጉልበት መምረጥ ያቅትህ። በል ቁልፉን አምጣ፣ ይላል ሮይስ፣ የታመመ ሰው መኪና እስኪ እኔ ልሞክረው።

ከመጋዘኑ እስከ ዋናው መንገድ ቀጥ ያለ አስፋልት አለ፣ ግራና ቀኙ ያልታጨደ በቆሎ፣ ደርቆ የሚንኮሻኮሽ። ዌንደል እንደወትሮው ከኋላ ይቆማል፣ ሮይስ በቀኝ እጁ መሪውን ከላይ ይዞታል፣ ከኋላ መስታወት ውስጥ ጭንቅላቱ ይታያል፣ ያ ጭንቅላት፣ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል የሚያደርገው ነገር፣ አልረሳውም፣ አየህ አልረሳውም፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ የፊት ጎማዎቹ ይንጫጫሉ፣ አስፋልቱን ይነክሳሉ፣ እና አፍንጫው ወደ ቀኝ ይወረወራል፣ ወዴት ነው፣ ወዴት ነህ ሮይስ፣ ያዘው፣ ቀዩ መኪና በቆሎው ውስጥ ገብቶ ጣሪያው ብቻ ቀረ።

ይሮጣል። የውሸት ጉልበቱ እውነት ያመዋል፣ አገዳው ፊቱን ይገርፈዋል፣ ሲሮጥ ነው የሚገባው፣ የሚጎትተውም የሚዞረውም ያው የፊት ጎማ ነው፣ ረግጠህ ስትነሳ መሪውን ከእጅህ ይነጥቃል፣ የእናቱን መኪና ደብቆ የነዳ ጎረምሳ ሁሉ የሚያውቀውን እነሱ የኋላ ጎማ ሰዎች አያውቁትም፣ ቀርፋፋ ስለሆነ ለስላሳ መስሏቸው፣ የሰው ሁሉ መሳቂያ ስለሆነ ገር መስሏቸው፣ እሱ ነው፣ እሱ ነው በገዛ እጁ ወንድሙን እዚያ ውስጥ ያስቀመጠው።

ሮይስ ተቀምጧል። መስታወቱ ላይ የበቆሎ ቅጠል ተለጥፏል። ደህና ነህ? ደህና ነኝ። ተጎዳህ ወይ? ደህና ነኝ አልኩህ አይደል። ቀኝ እጁን ገልብጦ ያያታል፣ ነጠቀኝ፣ ይላል፣ ይሄ ሲነሳ በሁለት እጅ ነው የሚያዘው። ያን ጊዜ የዌንደል ልብ ቅቤ ጠጣ። ወንድሙ በቆሎ መሀል እንደዚያ ተቀምጦ እሱ ደስ አለው፣ እንግዲህ ግራጫው የኔ ነው አለ አንድ ነገር ውስጡ፣ ቶሎ ነው ያለው፣ ሊያፍነው እንኳ አልደረሰም፣ አፈረ፣ የሮይስን ዓይን ላለማየት ቅጠሉን ከመስታወቱ ላይ ይልጣል።

ለእሸት ዘግይታችኋል ልጆቼ፣ ይላሉ ወይዘሮ ኦፓል ከሩቅ፣ እሸቱ አልፏል።

ለኔ ብለህ ነበር፣ ይላል ሮይስ። ኧረ ለጉልበቴ ነው። ተው ዌንደል። ግራጫውን ውሰድ፣ ቀድሞም እሱን ነው ስትዳብስ የነበርከው፣ ስንገባ ጀምሮ አይቼሃለሁ። እሺ ይላል ዌንደል፣ በሩን ይከፍትለታል፣ ሮይስ ግን አይነሳም፣ በመኪናው አፍንጫ ፊት የቆመውን በቆሎ ያያል።

እኔ ስነሳ፣ ይላል፣ አንተ እዚያ ኋላ ቆመህ፣ ምን ታደርግ ነበር?

ይሄን ጠይቆት አያውቅም። ካማሮዋን የገዙ ጊዜም፣ ጎማዋ የፈነዳ ጊዜም፣ አንድም ቀን። ምን ላድርግ፣ ትንፋሼን እይዛለኋ። እስከ መቼ? ፍሬን እስክትይዝ። ሁልጊዜ? ሁልጊዜ። ሮይስ ራሱን ይነቀንቃል፣ ለረጅም ጊዜ፣ የሰማውን ወደ ውስጥ የሚያወርደው ይመስላል፣ ከዚያ የማትታዘዘዋን እጁን በደህናዋ ከኪሱ አውጥቶ ጭኑ ላይ ያስቀምጣታል፣ እኔስ፣ ይላል፣ እኔ ኋላ ቆሜ የምችለው ይመስልሃል?

ትለምደዋለህ፣ ይላል ዌንደል በብብቱ ይዞ ከወንበሩ እያነሳው፣ ከብዷል፣ ወይ እሱ አርጅቷል፣ አገዳው ከእግራቸው ስር ይሰበራል፣ ትለምደዋለህ፣ ይለዋል ደግሞ፣ እሱ ራሱ ግን አንድም ቀን አልለመደውም።