የአማቴ ቢጫ ሩዝ

ባሌ ለሥራ ከተማ ሲቀር የሩዙ ማሳ ለእኔና ለአማቴ ተረፈ። አማቴ የቅጠሉን መልክ አይተው "ዛሬ ዩሪያ ይፈልጋል" ካሉ አበቃ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ማዳበሪያውን የሚበትነው እሳቸውን አይቶ ነበር።

ዘንድሮ ግን ሩዙ ከታች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ መጣ። "አባባ፣ ማዳበሪያ አላነሰውም?" ብላቸው ቆጣ አሉ።

"ምን ያንሰዋል? እንዲህ ጥቁር እስኪመስል ለምልሞ!"

ግራ ገባኝ። በማግስቱ ቁርስ ላይ ሻይ ሲቀዱ ብርጭቆውን ስተው ጠረጴዛው ላይ አፈሰሱት። ቶሎ ብለው በእጅጌያቸው ጠረጉት። ያኔ ገባኝ። እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ።

ሩዙ ግን ጊዜ አይሰጥም። ዩሪያውን እንደ ልማዳችን ውሃው ላይ ብንበትነው ብዙው ተንኖ ይጠፋል። የግብርና ባለሙያዋ በእንክብል የተሠራውን ጭቃው ውስጥ ቅበሩት ካለችን ቆይታለች፤ አማቴ ናቸው "ወገቤን አላስቆርጥም" ብለው እምቢ ያሉት።

"አባባ፣ ዘንድሮ እንቅበረው" አልኳቸው። "ብቻዬን አልችለውም፤ እጅዎን ያውሱኝ።"

ውሃውን አጎደልነውና ሱሪያቸውን ጠቅልለው ገቡ። በመስመር የተተከለውን ሩዝ በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ በአራት የሩዝ እግር መሀል አንዳንድ እንክብል ጣታቸው እስኪሰምጥ ወደ ጭቃው ይሰዱ ጀመር። አንዱንም አልሳቱም።

ድንገት ቀና አሉ። "ልጄ፣ ቢጫውን አላየሁትም ነበር።"

"አውቃለሁ፣ አባባ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ጠረጴዛውን ሻይ ካጠጡት ጀምሮ።"

ከት ብለው ሳቁ። "እኔ እኮ ማንም ያየኝ አልመሰለኝም!"

"የማያዩት እርስዎ ነዎት እንጂ እኛማ እናያለን።"

ሳቃቸው ሲበርድ ድምፃቸው ቀጠነ። "ካወቃችሁ ቤት ታስቀምጡኛላችሁ ብዬ ነው።"

"እነዚህን እጆች ማን ቤት ያስቀምጣል?" አልኳቸውና ጭቃ በጭቃ የሆነውን እጃቸውን ያዝኩት። እሳቸውም አጥብቀው ያዙኝ።

ብዙም ሳይቆይ አዲሱ ቅጠል ለምልሞ ወጣ። ጠዋት ጠዋት "ምን ይመስላል?" ይሉኛል፤ እኔም ሳልሰለች እነግራቸዋለሁ። ሥራው ፋታ ሲሰጠን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሞራ ኖሯል፤ ተገፈፈላቸው።

ፋሻው የተነሣ ቀን ማሳው ጋ ውሰጂኝ ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ፊቴን ትክ ብለው አዩት።

"ውይ ልጄን" አሉ። "እንዲህ ከስተሽ ነው እንዴ የከረምሽው?"