የአቀናባሪው ግራ እጅ

አቶ ኢያቄም የላሊበላ መሪጌታ ልጅ ናቸው። በጉርምስናቸው አዲስ አበባ ገብተው በአንድ የጦር ክፍል ኦርኬስትራ ተቀጠሩና ኖታ ተማሩ። ብዙም ሳይቆዩ አቀናባሪ ሆኑ፤ ሳክስፎኑ የት እንዲገባ፣ ትራምፔቱ የት ዝም እንዲል የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ። ዘፋኞች ቅንብራቸውን ይሻሙ ነበር። ኋላ የሌሊት ጭፈራውን ያስቀረው የሰዓት እላፊ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ ብዙ መሣሪያ የሚተካው ኪቦርድ፤ ያን ሁሉ ሳክስፎንና ትራምፔት ነፊ የሚቀጥር ጠፋ። ባለቤታቸው ሲሞቱባቸው ላሊበላ ተመልሰው ከልጃቸው ከንጋት ጋር መኖር ጀመሩ። አምና ደም ግፊት ጣላቸውና አንደበታቸውንና ቀኝ እጃቸውን ወሰደባቸው።

የገና በዓል ካለፈ በኋላ አንድ ባንድ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሆቴል ውስጥ ሲለማመድ፣ መሪው ምንይችል ቤታቸው ድረስ ሄደ።

«ጋሼ፣ የእርስዎን ቅንብር ከአሮጌ ሸክላ አግኝተን እየተጫወትነው ነው። መጥተው ቢሰሙልን?»

ንጋት ጋቢ ደርባላቸው፣ ደግፋ ወሰደቻቸው።

ባንዱ ሲጀምር የአቶ ኢያቄም ፊት ፈካ። መሀል ላይ ግን ሌላው ሁሉ ጸጥ ብሎ አንድ ሳክስፎን ብቻውን የሚያዘግምበት ቦታ ነበር። አባታቸው የሞቱ ሰሞን የጻፉት ነው፤ ለቀብሩ አልደረሱም ነበር። የባንዱ ልጆች ግን ሸክላው አርጅቶ የተቀረው ድምፅ የጠፋ መስሏቸው፣ እዚያ ላይ ከበሮና ኪቦርድ ሞሉበት። ሳክስፎኑ ተዋጠ።

አቶ ኢያቄም ግራ እጃቸውን አነሱ። ተዉ ማለታቸው ነበር።

«እየመሩን ነው» አለ ምንይችል ፈገግ ብሎ። ይበልጥ አደመቁት። እሳቸውም እጃቸውን ይበልጥ አወናጨፉ፤ የሆቴሉ ሰዎች አጨበጨቡላቸው።

ሲያበቃ ንጋት ጎንበስ ብላ ፊታቸውን አየች። «የወደዱት አልመሰለኝም» አለችው ለምንይችል።

እሱም ደንግጦ ከፊታቸው በርከክ አለ። «የቱ ጋ ነው ጋሼ? እናስተካክለዋለን።»

ከልቡ ነበር። አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ቃል አልነበረም። ሊያዜሙት ሞከሩ፤ ዜማውም እንደ ቃሉ እምቢ አላቸው።

«ፈጥነንባቸው ይሆናል» አለ ከበሮ መቺው።

ቀስ አድርገው ደገሙት። ከበሮው እዚያው ነበር። በዚህኛው አቶ ኢያቄም እጃቸውን አላነሱም።

«አሁንስ ተስማማዎት?»

አቀርቅረው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ንጋት አላመነቻቸውም፤ ጋቢያቸውን አስተካክላ ደግፋ አስነሳቻቸው።

ባንዱ በማግስቱ በጋሸና አድርጎ ወደ ወልድያ ወረደ፤ ቅንብሩንም ከበሮው እንደተሞላበት ይዞት ሄደ።