ያልተጠየቀው ገለባ

ፊደል ባልቆጥርም ሰው አይጠፋብኝም። አምበር ዙሪያ እቴናት ማለት ፊት አይታ የማታደላ፣ የመጣላትን የምትናገር ናት ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። አንድ ቀን ግን ምላሴ ታስሮ ነበር፤ የማወራውም የዚያን ቀን ጣጣ ነው።

የልጄ ልጅ ፀደንያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሦስተኛ ዓመቷ ላይ ኢንተርንሺፕ የሚሉት ነገር መጣ። ምንድን ነው ብላት፣ «ድርጅት ገብቶ ሥራ መልመድ ነው» አለችኝ።

«ደመወዙስ?»

«የለውም፣ እማማ።»

«ታዲያ ሎሌነት በይው!»

ሳቀች። ነገሩ ግን ሳቅ አልነበረም። ሦስት ወር ሠርታ ስትጨርስ ከመቶ አርባውን ነጥብ የሚሰጣት አለቃዋ ነው፤ ደስ ካሰኘችውም ስትመረቅ ይቀጥራታል። እናቷ በዚህ ተስፋ ያልተሳለችበት ታቦት የለም።

ድርጅቱ ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ የቢራ ገብስ የሚያስዘራ ነው። አምና ለእኛ ለሃምሳ ገበሬዎች አዲስ ዘር ሰጠን። ፍሬው ዶቃ ነው፤ ምርቱን ማንም አይንቀውም። ዘንድሮ ዘሩን ለወረዳው ሁሉ ከማዳረሱ በፊት ገበሬው ወዶት እንደሆነ እንድትጠይቅ ፀደንያን ላካት።

በመጋቢት አንድ እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነጭ መኪና ቆሟል። አለቃዋ አቶ ዓለምነው ጥቁር መነጽሩን ሰክቶ መኪናውን ተደግፏል። እሷ የድርጅቱን ቆብ ደፍታ፣ ታብሌቷን ታቅፋ ሰዉን በየተራ «ዘሩን ወደዱት?» ትላለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥሩ ነው» ይላል አንዱ። ሌላውም እንዲያው። ውበቱ ብቻ፣ ለወትሮውም አፉ የማይያዝ ጎረቤቴ፣ «ከብቶቼን ያስራበ ዘር ምኑ ይወደዳል!» ብሎ ጮኸ።

«ዝም በል አንተ! በእንግዳ ፊት ታዋርደናለህ?» ብዬ የገሠጽኩት እኔው ነኝ።

ተራዬ ደረሰ። «እማማ፣ ዘሩን እንዴት አገኙት?» አለችኝ፣ እንደማታውቀኝ ሁሉ ኮስተር ብላ። በልጄ ልጅ ልኮራ ነው፣ ሰው ያየኛል፣ አለቃዋ ያየኛል። «ተመስገን፣ እሰየው ነው» አልኩ።

የሰጠህን ሰው ፊት ለፊት ስጦታህ አይረባም ማለት፣ ያውም በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ እኛ ዘንድ ነውር ነው። ጥሩ ነው ያልነው ለዘሩ አልነበረም። ደህና ዋሉ እንደማለት ነበር። እሷ ግን ጻፈችው።

ሁለት ሳምንት ቆይታ ቅዳሜ ለት እኔ ዘንድ መጣች፤ ፊቷ በርቷል። «አንድ ያልረካ የለም! ማክሰኞ ከአዲስ አበባ ኃላፊዎች ይመጣሉ፤ የማቀርበው እኔ ነኝ።»

«ውበቱስ?»

አቀረቀረች። «አቶ ዓለምነው ‘ሰውየው ሰክሯል፣ መልሱን ሰርዢው’ አለኝ።»

እጇን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ዞረች፤ ድምጿ ጠፋ። ብወጣ ላሜን ቆማ ታያለች። የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል።

«እማማ፣ የገለባው ክምር የታል?»

«አለቀ።»

«ሚያዝያ ሳይገባ?»

«አገዳው እኮ አጭር ነው፤ ከስንዝር ብዙም አያልፍ። ፍሬውን መኪናችሁ ጫነው፤ ለከብቱ ምን ተረፈ? ገለባ ያልበላ በሬ ሰኔ ላይ ሊያርስልሽ ነው?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

«ጠየቅኩዎት እንጂ!»

«ወደዱት ወይ አልሽኝ። በሬዎ ምን ይበላል አላልሽኝም።»

መደብ ላይ ቁጭ አለች። «ዘንድሮስ ይዘሩታል?»

«እሺ ብለን እንቀበላለን። የምንዘራው ግን የራሳችንን ነው። እኛስ አውቀናል፤ ያንቺን ወረቀት አምኖ የሚዘራው የሌላ ቀበሌ ሰው ነው የሚጎዳው።»

እውነቱን ልናገር፣ ዝም በይና ነጥብሽን ያዢ ልላት ዳድቶኝ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነው የዋጥኩት። እሷ ግን ቆቧን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ ነጠላዬን ተከናንባ ወጣች።

እሁድንና ሰኞን ቤት ለቤት ዞረች፤ እኔም ተከተልኳት። በጓሮ በር እየገባች ሴቶቹን «ላሞቻችሁ አሁን ምን ይበላሉ?» ትላቸዋለች። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ዘሩን ከእኔ አብልጣ ያመሰገነችው ዘሪቱ እጇን ይዛ ወደ ጎጆዋ ጀርባ ወሰደቻት። ጣራው አንድ ወገኑ ተመልጧል። «ሣሩን እየመዘዝኩ ላሜን አበላታለሁ» አለች። «ክረምቱ ሳይገባ መቼም አንድ ነገር ይሆናል።» ፀደንያ ምንም አልጻፈችም፤ ጣራውን አየችው።

ሰኞ ማታ፣ «ለአቶ ዓለምነው አስቀድሜ ልንገረው?» አለችኝ።

«አፍሽን ሊይዝሽ? ተይው!» አልኳት።

ማክሰኞ ደብረ ማርቆስ አብሬያት ሄድኩ። ዘበኛው «እማማ፣ ለምን ጉዳይ ነው?» ቢለኝ፣ «የሰጠሁትን ቃል ልቀይር» አልኩት። ግራ ገብቶት አሳለፈኝ።

ኃላፊዎቹ በተቀመጡበት ክፍል ግድግዳ ላይ መብራት በርቶ ቁጥር ይታያል። ፀደንያ «ይህ ቁጥር ስህተት ነው። አንድ መልስ ሰርዣለሁ፤ የቀረውንም ሰው እውነቱን ሊናገር በማይችልበት ቦታ ነው የጠየቅኩት» አለች።

አቶ ዓለምነው ፊቱ ቀላ። «እሱ አልቋል፤ ወደሚቀጥለው እለፊ።»

«አላለቀም።» ከዚያ ስለ ገለባው፣ ስለ ዘሪቱ ጣራ ነገረቻቸው። መልሱን ማን እንዳሰረዛት ግን አልተናገረችም።

ከአዲስ አበባ የመጣች ሄለን የምትባል ሴት ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ፣ እማማ?»

«ዋሽቻለሁ» አልኩ። «ልጄን አኮራሁ ብዬ ዋሸሁባት። እናንተም ስንት ኩንታል ስንት ኩንታል ትላላችሁ፤ ኩንታሉን አርሶ ያመጣው በሬ ምን እንደሚበላ አትጠይቁም።»

ሄለን ጻፈች። ገለባው ተለክቶ እስኪታወቅ ዘሩ እንዳይታደል ተባለ።

ሲበተኑ አቶ ዓለምነው የነጥብ ወረቀቷን በቁሙ ሞላላት። ከአርባ ሃያ አንድ። «ሥራውን ታውቂበታለሽ» አላት፤ ድምጹ እንኳ ክፉ አልነበረም። «ቅዳሜ ያወቅሽውን ግን ሰኞ ብትነግሪኝ፣ ይህን የማቀርበው እኔው ነበርኩ። በሰው ፊት አዋረድሽኝ። እዚህ አትቀጠሪም።»

ያቀርበው ነበር? እንጃ። ውበቱን ያሰረዘ ሰው ነው። ግን እንዲናገር ዕድል ያልሰጠነውም እኛ ነን፤ አትንገሪው ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ ይህንንም በእኔ አላሳበበችም። «መንገር ነበረብኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብላ ወረቀቷን ተቀበለች።

የአምበር ሚኒባስ ውስጥ ገብተን ስንቀመጥ አለቀሰች። አላባበልኳትም፤ የሚያስለቅስ ነገር ነው። እናቷ ምን እንደምትል አሰብኩ። መኪናው ከተማውን ከለቀቀ በኋላ በነጠላዬ ጫፍ ፊቷን ጠረገች።

«እማማ፣ ሌላስ ያልጠየቅኩዎት ምን አለ?»

የትኛውን አስቀድሜ የትኛውን ላስከትል? ከመሬቱ ጀመርኩላት። አምበር ስንደርስ ገና ግማሹን እንኳ አልጨረስኩም ነበር።