የጳጉሜ ስድስት ቀጠሮ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዘገዬን ስም ያወጣው መልአክ ግን ናዝሬት አውቶቡስ ተራ አጠገብ ሱሪ አሰፍቶ የሚያውቅ መሆን አለበት። ለፋሲካ የታዘዘው ኮት ለቡሄ ነው የሚደርሰው። «ነገ ኑ» ይላል፣ መርፌውን በከንፈሩ ይዞ። ክፋት የለበትም፤ ነገ የምትባለዋን ቀን ከልቡ ያምናታል፣ ጉዱ እሱ ነው።

ሱሪውስ ይሁን። ሸዋወርቅን ግን አራት ዓመት ሙሉ ነገ አላት! በቀበሌው ኅብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና የምታድለው ሸዋወርቅ፣ የሚጋፋውን ሁሉ በአንድ ግልምጫ ሰልፍ የምታስይዘው ሸዋወርቅ፣ ይሄ አንድ ልብስ ሰፊ ሽማግሌ እንዲልክ ማድረግ አቃታት። በጠየቀችው ቁጥር «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላታል።

«ያንተ እንቁላል ገምቷል» አሉት አንድ ቀን ጎረቤቱ ጋሪ ነጂው ጋሽ ፈዬራ። «አብዮት እንኳ ፈንድቶ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። በአማርኛ ነገ ነው፣ በእኛ በኦሮምኛ ቦሩ ነው፤ ያንተዋ በየትኛውም ቋንቋ አትመጣም!»

በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ሸዋወርቅ ዘገዬ ሱቅ መጣች። የዚያን ቀን አልቀለደችም።

«አንድ የወለንጪቲ አስተማሪ ሽማግሌ ልኮብኛል። እስከ አዲስ ዓመት መልስ እንዳይሰጡ አባባን ለምኛቸዋለሁ። ያንተ ሽማግሌዎች መቼ ነው የሚመጡት? ቀን ቁረጥ።»

ዘገዬ ሲጨንቀው ቀልድ ይቀናዋል። «ጳጉሜ ስድስት!» አላት። ጳጉሜ አምስት ቀን ብቻ መሆኗን የማያውቅ ማን አለ? እስክትስቅ ጠበቃት። አልሳቀችም። «ጥሩ፤ ጳጉሜ ስድስት» ብላ ሄደች። እሱም ቀልዱን ማታውኑ ለጋሽ ፈዬራ አወራላቸው።

አይ ዘገዬ! ጳጉሜ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት እንደምትሆን ረስቶታል። ጳጉሜ አምስት ከሰዓት በኋላ፣ ለበዓሉ ሱቁን ሊዘጋ ሲል ጋሽ ፈዬራ ጋሪያቸውን አቆሙ።

«ሽማግሌዎቹን ለነገ በስንት ሰዓት ቀጠርካቸው?»

«ነገማ እንቁጣጣሽ ነው፣ ጋሼ።»

«የምን እንቁጣጣሽ! ዘንድሮ ዘመነ ሉቃስ አይደል እንዴ? ነገ ጳጉሜ ስድስት ነው።»

ዘገዬ ክው አለ። መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ ያሳፍራል፤ አሞኛል ብሎ መተኛት ነበር። ቀጥሎ ግን ሸዋወርቅ ጓዟን ይዛ የወለንጪቲ አውቶቡስ ስትሳፈር ታየችው። ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ሮጠ። ጋሽ ፈዬራን ለመነ፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችንም እግራቸው ላይ ወድቆ ለመነ።

በማግሥቱ አራት ሰዓት ላይ ሦስቱ ሽማግሌዎች የሸዋወርቅ አባት ቤት ገቡ። አቶ ወልደአማኑኤል የባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ደንብ ይወዳሉ። በደንቡ ጠያቂው ቤቱ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነበረበት፤ ዘገዬ ግን ተከትሎ መጥቶ ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፏል።

አባትየው የሽማግሌዎቹን ቃል ሰምተው ሲጨርሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ከዘመድ እንመክርበታለን። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ» አሉ። ወጉ ነውና ሽማግሌዎቹ አመስግነው ሊነሱ ሲሉ በሩ ተበረገደ።

«ሁለት ሳምንት አልችልም! ዛሬውኑ ይንገሩኝ፣ ጋሼ!»

«እግዚኦ!» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል። ጋሽ ፈዬራ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሸዋወርቅ ከጓዳ ወጣች። «ሁለት ሳምንት አልችልም ነው ያልከው? እኔ አራት ዓመት ችዬ የለም እንዴ?»

ዘገዬ መጠበቅ እንደሚያም ለካ አያውቅም ነበር! አራት ዓመት ሙሉ ይሄን ሕመም እሷ ላይ ጭኖ ሲቀልድ መኖሩ ያን ጊዜ ገባው፤ አፈረ።

«ያ አስተማሪ...» አለ ቀስ ብሎ።

«ትናንት ጠዋት አልፈልግም ብዬ መልሼዋለሁ።»

«ትናንት ጠዋት?» ውሸት አልመጣለትም። «እኔ እኮ ትናንት ጠዋት ገና አላሰብኩትም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች ሸዋወርቅ፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። «ብትቀር ኖሮ ሁለታችሁንም አጥቼ ነበር።»

ዘገዬ ሽማግሌዎቹ ፊት እንባው ወረደ። ሁለቱን ሳምንት እጠብቃለሁ አለ።