የዛሂዳ እግር የሚያውቀው ወለል

የኪቡሊ ኮረብታ ይስማ፤ የጎረቤት ዶሮዎችም ሳይቀሩ ልብ ይበሉ፤ ሐጂ አብዱልወሀብ በስልሳ አራት ዓመታቸው፣ አንድ ክንድ እንኳ ዋና ሳይችሉ፣ የዋና ገንዳ ሊገዙ ቆርጠዋል።

ገንዳው ጉድጓድ የማይቆፈርለት፣ ግቢ ላይ እንደ ድስት የሚጣድ ዓይነት ነው። ሰበቡ የሚስታቸው የዛሂዳ ጉልበት ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐኪሙ «በየቀኑ ውኃ ውስጥ ይራመዱ፤ አለዚያ ከምርኩዙ ጋር መኖርዎ ነው» ብሏታል። ዛሂዳ ደግሞ ወንድ በሚያይበት የሆቴል ገንዳ ሞታ አትገባም። አንዴ ወዳጇ ቤት ሞክራ ነበር። ወለሉ ከእግሯ ሥር እንደ ፍራሽ ስርጉድ ሲልባት ጠርዙን ይዛ ወጣች።

«እግሬ የማያውቀው ነገር ላይ አልቆምም» አለች። በቃ፣ ምርኩዟን አነሳች።

ሐጂ በማግስቱ ቦዳ በሚሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲ ተሳፍረው ካምዎክያ ሰፈር፣ ተክሌ ሱቅ ወረዱ። ተክሌ እንደ ሐጂ ከአገር ቤት ወጥቶ ባዕድ አገር የከተመ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ታንከርና ገንዳ ይሸጣል።

«ገንዳውስ ገንዳ ነው ሐጂ፤ ቁም ነገሩ ከላስቲኩ ሥር የሚነጠፈው ነው» ብሎ ናሙናዎቹን መሬት ላይ ዘረጋላቸው።

ሐጂ ጫማቸውን አወለቁ። ተክሌ ሊሰግዱ መስሎት ሬዲዮኑን ዘጋ።

«ቂብላው በዚያ በኩል ነው።»

«ልሰግድ አይደለም፤ ልረግጥ ነው» ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው ስፖንጁ ላይ ወጡ። «ይሄ ማቶኬ ነው፤ ተቀቅሎ የላመ ሙዝ።»

«ወፍራሙ ጨርቅስ?»

«ፖሾ፤ የበቆሎ ገንፎ። እሱም በደንብ ያልበሰለ።»

እግራቸው የሚፈልገው ካምዎክያ ውስጥ አልነበረም። አርባ አራት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ፣ ጅማ፣ አዌቱ ወንዝ ዳር ቆሟል። ዛሂዳ ሐሙስ ሐሙስ ከገበያ ስትመለስ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ በሰባት ድንጋዮች ላይ ትሻገር ነበር። አራተኛው ይነቃነቃል። ያኔ ገና ሐጂ ያልሆነው አብዱልወሀብ ባዶ እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ጫማውን ዳር አስቀምጦ፣ አራተኛው ላይ ስትወዛወዝ ለማየት ብቻ ይጠብቃታል። አንድ ሐሙስ ሳቁ አመለጠው። እሷም ቀስ ብላ ተሻግራ መጣችና አንድ ጫማውን አንስታ ወንዙ ውስጥ ወረወረችው። ጫማውን አዌቱ ወሰደው፤ ባለጫማውን ዛሂዳ።

«ጨርቁን ድርብ አድርገህ ስጠኝ» አሉ ሐጂ ዓይናቸውን ገልጠው። «በሁለቱ መሃል ድንጋይ ቢገባስ?»

«ሐጂ፣ እኛ ግቢውን ጠጠር በእጅ ነው የምናስለቅመው። እርስዎ ደግሞ ከውጭ ያስገባሉ?»

«ሹል አይደለም። ድብልብል፣ ለስላሳ። ሰባት።»

«ላስቲኩ ቢቀደድ ዋስትና የለውም።»

«የእሷም ጉልበት የለውም።»

ገንዳው ተተከለ። ሰባቱን ድንጋዮች ግን፣ ላስቲኩ ከመዘርጋቱ በፊት፣ ሐጂ ራሳቸው ተንበርክከው፣ በእርምጃዋ ልክ ለክተው አስቀመጡ። ስድስቱን በሁለቱ ጨርቆች መሃል ባፈሰሱት አሸዋ ውስጥ ቀበር አደረጉና አራተኛውን እንዲሁ ተዉት።

ቅዳሜ ጧት የግቢው በር ተቆለፈ። ዛሂዳ ረጅም ቀሚሷን ለብሳ ወረደች፤ ሁለት እጇ ጠርዙን ጨምድዶ ይዟል። ሐጂ ጫማቸውን አውልቀው ዳር ቆሙ።

እግሯ ዳበስ ዳበስ አደረገና አንድ ነገር አገኘ። ሁለተኛውን ረገጠች። ሦስተኛውን። አራተኛው ላይ ወዝወዝ አለች፤ ሐጂ ሊይዟት እጃቸውን ዘረጉ። እሷ ግን ጠርዙን ለቀቀችው።

አምስት። ስድስት። ሰባት። ዞራ፣ እጇን እንደ ጥንቱ፣ ጫማ እንዳንጠለጠለ ሰው ከፍ አድርጋ፣ ተመለሰች። አራተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አንተ ሰው፣ ይሄ ለምንድን ነው የሚነቃነቀው?»

ሐጂ ጫማቸውን አንስተው ከገንዳው ራቅ አድርገው አስቀመጡ።

«አልናገርም።»