ዊልፍ በምን ሞተ?

ፀደይ ገብቶም ብርዱ አልለቅ ባለበት ሰሞን፣ ዊልፍ ከከተማው ዳር በተከራያት የአትክልት ቦታ፣ መሣሪያውን በሚያስቀምጥባት የእንጨት ጎጆ ውስጥ ሞተ። ሚስቱ ሄስተር ለምሳ ቢዘገይባት ልትጠራው ሄዳ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አገኘችው። ከዚያ በቀጥታ የመጣችው ወደ እኔ ቤት ነበር፤ ጎረቤቷ ነኝ።

«ዊልፍ አልነቃ አለኝ» አለች፣ ደጄ ላይ ቆማ።

በከተማችን በቶድሞርደን ልቡ ነው የገደለው ያላለ ሰው አልነበረም። እህቱ ኦሊቭ ግን እዚያ ላይ አላቆመችም። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጠዋት ማታ ስብ እያበላሽ አንቺ ነሽ የገደልሽው» አለቻት። የከፋው ነገር ሄስተር ይህን ማመኗ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጥበሻ አልነካችም።

በእኛ አገር በድንገት የሞተ ሰው፣ የሞት መርማሪዋ ሳትፈቅድ አይቀበርም። መርማሪዋ ሚስስ ፔምበርተን አስከሬኑ በሐኪም ይታይ ብላ አዘዘች። ትእዛዙን ይዞ የመጣው ጋሬት የሚባል ረዳቷ ነበር።

«ዕድሜ ልኩን ማንንም ያላስቸገረ ሰው፣ ሞቶም አያርፍም?» አለችው ሄስተር። «እባካችሁ ገላውን አትንኩብኝ።»

ጋሬት አልተቆጣም። «ፊቱ ቀልቶ አይተውታል አይደል? የሞተ ሰው እንዲህ አይቀላም። ዛሬ ዝም ብለን ብንቀብረው፣ ነገ በምን እንደሞተ ሲጠይቁን ምን እንመልስልዎታለን?»

አኩርፋ ሸኘችው።

ዊልፍ ተመርምሮ ተቀበረ፤ ጉዳዩ በችሎት የታየው ግን ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ነው። እኔ በአንድ በኩል፣ ኦሊቭ በሌላ በኩል ሆነን ሄስተርን መሀል አስቀመጥናት። ሚስስ ፔምበርተን መነጽሯን አውልቃ፣ «ዛሬ የተሰበሰብነው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ዊልፍ እንዴት እንደሞተ ለማወቅ ብቻ ነው» አለች። ከዚያ ሐኪሙን አስነሳች።

ሐኪሙ ደሙ ውስጥ ያገኘው የከሰል ጭስ መርዝ እንደሆነ ተናገረ። በጎጆዋ ምድጃ ጭስ ማውጫ ውስጥ ቁራዎች ጎጆ ሠርተው ቱቦውን ደፍነውት ነበር። መርዙ አይሸትም፣ አይታይም።

«የሚጠይቁት ነገር አለ?» አለች ሚስስ ፔምበርተን ወደ ሄስተር ዞራ።

ሄስተር ብድግ አለች። «ምግቡ… እኔ የማበላው ምግብ ነው ወይ ልቡን ያደከመው?»

«ልቡ ለዕድሜው ደህና ነበር» አላት ሐኪሙ። «ምግብዎ ምንም አላደረገውም። እንቅልፍ ነው የወሰደው፤ ሕመም የተሰማውም አይመስለኝም።»

ኦሊቭ አንገቷን ደፋች።

ከኋላችን ዴንዚል እጁን አወጣ። የእሱ የአትክልት ቦታ ከዊልፍ ቦታ ጋር አጥር ለአጥር ነው። «የደሙ ውጤት የመጣ ዕለት ጋሬት በየጎጆው እየዞረ ምድጃ እንዳትለኩሱ አለን። የእኔን ቱቦ ስከፍተው ጭራሮ በጭራሮ ሆኖ አገኘሁት። ያን ዕለት ከሰል ይዤ ነበር የሄድኩት። እስካሁን ለሄስተር ያልነገርኳት አፍሬ ነው። በባሏ ሞት መትረፌን እንዴት ብዬ ልንገራት?»

ሄስተር ዞራ ትኩር ብላ አየችው። «እንኳን ተረፍክ» አለችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ሚስስ ፔምበርተን መልሳ፣ «ገላውን አትንኩብኝ ብዬ ለምኛችሁ ነበር። ስላልሰማችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

ሚስስ ፔምበርተን ዊልፍ በአደጋ መሞቱን በይፋ ተናገረች።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ኦሊቭ ክንዷን ያዘቻት። «ሄስተር፣ ያን ጊዜ የተናገርኩሽ…»

«ወንድምሽ ነው የሞተብሽ» አለቻት ሄስተር። «ነይ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጠን። ደግሞ ዛሬ እራት እኔ ጋ ነሽ፤ ቋሊማ እጠብሳለሁ። ብቻዬን መብላት ሰልችቶኛል።»