ቁም ሣጥን ውስጥ የቀረው መዝገብ

ዋርሳዬ ጣውላውን መጀመሪያ ከመጋዙ ሥር ፈለገ፣ ቀጥሎ ከበሩ ኋላ፣ በመጨረሻም ግራ ሲገባው ኪሱን ዳበሰ። ሁለት ሜትር ጣውላ ከኪስ አይገኝም።

«እትዬ፣ እንዳትቆጪ» አለኝ።

እንዲህ ካለ መቆጣት እንዳለብኝ አውቃለሁ።

ጣውላው የእንጨት ሥራ ቤታችን የሽያጭ ታክስ መዝገብ ነው። ልማዱን ያስጀመረን ባለቤቴ ነበር። ዕቃ በተሸጠ ቁጥር ዋጋውንና ከደንበኛው የተቀበልነውን ታክስ በአናጢ እርሳስ ይጽፍበታል፤ በየሦስት ወሩ ታክሱ ሲከፈል በመላጊያ ልጎ ያጸዳውና እንደ አዲስ ይጀምራል። ደብተር እንያዝ ብዬ ስወተውተው፣ «ደብተር ይጠፋል፤ ይሄን ማን ይሰርቀዋል?» ይለኝ ነበር። እሱ ካለፈ በኋላ ወንድሙ፣ ይኸው ዋርሳዬ፣ ቀጠለበት። ሁሉን ነገር እስከ ሚሊሜትር ሦስት ጊዜ ስለሚለካ ሰፈሩ «ሚሊ» ይለዋል።

ሦስት ጊዜ የሚለካው ሰው አንድ ነገር ሳይለካ ቀረ፤ ጣውላው ሲላግ ሲላግ ሳስቷል።

«ለቁም ሣጥን ጀርባ ልክክ አለልኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«የማን ቁም ሣጥን?»

«የመምህርቷ። ባለፈው ወር መጨረሻ ያደረስነው።»

ከዚያ ወዲህ አንድ ትልቅ ሥራ ይዘን ስለነበር ጣውላውን የፈለገ ሰው አልነበረም። ሰዓቴን አየሁ፤ ዘጠኝ ከሩብ። ያለፈውን ሦስት ወር ታክስ አሳውቀን የምንከፍልበት የመጨረሻ ቀን ዛሬ ነው፤ ቢሮው አሥራ አንድ ላይ ይዘጋል። የደረሰኝ ጥራዙ ሙጫ ተደፍቶበት እንደ ጡብ ደርቋል። ቀኑ ካለፈን ቅጣቱ ለአዲሱ መጋዝ ያጠራቀምነውን ሙልጭ አድርጎ ይወስደዋል።

ሮጥን። ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህርት በራቸውን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩን።

«ምነው በደህና?»

«ልብስዎን ልናወጣ ነው እማማ» አለ ሚሊ እያለከለከ።

«ወግድ! ሌባ እንኳን እንዲህ ፊት ለፊት አይናገርም!»

ነገሩን ሳስረዳቸው ሳቅ አሸንፏቸው ግድግዳ ያዙ። ከዚያ መነጽራቸውን አጠለቁና ወረቀት አወጡ። «ግቢ። አንቺ ታነቢያለሽ፣ እኔ እደምራለሁ። አንተ ኮቶቹን ያዝ፤ ብታጨማድዳቸው ወዮልህ!»

ጣውላው ጽሑፉ ወደ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ዞሮ ተመቷል። የስልኬን መብራት ይዤ ገባሁና ቁጢጥ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

«በር፣ ስምንት ሺህ፤ ታክስ ስምንት መቶ! አልጋ፣ አሥራ ሁለት ሺህ፤ ታክስ አንድ ሺህ ሦስት መቶ!»

«ሁለት መቶ!» ጮኹ መምህርቷ። «ማነው ይህን ያሰላው?»

«እኔ ነኝ» አለ ከኮቶቹ ኋላ የመጣ ድምፅ።

«ሦስት ጊዜ ለክተህ? መቶዋን ለባለ አልጋው ትመልሳለህ!»

መብራቱን ከፍ ሳደርግ ከጣውላው ጫፍ ላይ አራት ቃላት አየሁ፤ ቀን፣ ዕቃ፣ ሽያጭ፣ ታክስ። ባለቤቴ በመሮ የቀረጻቸው ናቸው፤ መላጊያ አልነካቸውም። ቦታ አንሶት የመጨረሻዋን ፊደል ጫፉ ላይ አጣብቋታል። ጣቴን አሳረፍኩባት።

«ምን ሆንሽ? ቀጥይ እንጂ!»

«መብራቱ ደከመ» አልኩ፤ ቀጠልኩም።

ስጨርስ መምህርቷ እስክሪብቷቸውን አነሱ። «የእኔ ቁም ሣጥንስ?»

እሱስ አልተጻፈም። የት ይጻፍ? የሚጻፍበት ጣውላ ራሱ አብሮ ተሸጧል። ሚሊ በኮቶቹ መሐል እርሳሱን አቀበለኝና የመጨረሻውን መስመር እዚያው ጨለማ ውስጥ ጻፍኩ።

ቢሮው ሊዘጋ ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ደረስን። ሠራተኛው ቅጹን አገላብጦ ማኅተሙን መታ። «ሰው ሁሉ መዝገብ ጠፋብኝ እያለ ያስቸግረናል። እናንተ የት ነው የምታስቀምጡት?»

«ቁም ሣጥን ውስጥ» አለ ሚሊ ኮስተር ብሎ።

«ጎበዝ! ይቆለፋል?»

«በሁለት ቁልፍ።»

ወጥተን የቢሮው ደረጃ ላይ ተቀምጠን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ሚሊ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ነገ ሌላ ጀርባ እመታላቸውና የእኛን አምጥቼ እልገዋለሁ» አለ።

«አይላግም» አልኩት። «ደብተር እገዛለሁ።»

አየኝ። ሳቁን ገታ። «ጣውላውን የት እናድርገው ታዲያ?»

«ቤት፣ ከጠረጴዛዬ በላይ። ቦታውን ለካልኝ።»

«ስንት ጊዜ?»

«አንዴ ይበቃል» አልኩት። ሜትሩን ግን ከወዲሁ አውጥቶ ነበር።